የዘለልኋት ድምፅ

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በተማሪዎች ፊት ቆሞ ነው። በ1977 ዓ.ም. የመምህርነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከወጣሁ ወዲህ፣ መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ጠመኔ ጨብጬ፣ ኋላም እንደዚህ ያሉትን የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ከሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ፣ ሥራዬ ሁልጊዜ ሌላው ሰው ምን መማር እንዳለበት መወሰን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን፣ በተወለድሁ በኀምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ዕድሜዋ ከልጄ በማይበልጥ መምህርት ፊት፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማሲንቆ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ፣ «እስቲ እንደገና ይሞክሩት፣ ጋሼ» የምባል ተማሪ ሆንሁ።

«ዕድሜዎ ከገፋ በኋላ ማሲንቆ ምን ሊያደርግልዎ ነው?» ብትሉኝ አልቀየማችሁም፤ ባለቤቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች። የተወለድሁት በመንዝ ነው። በሰርግና በክርስትና ድግስ ላይ አዝማሪ ሲመጣ፣ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተወሽቆ ዓይኑን ከአዝማሪው ጣቶች ላይ የማያነሣ አንድ ልጅ ነበር፤ እርሱም እኔ ነኝ። አንድ ቀን አዝማሪው ማሲንቆውን ከግድግዳ አስደግፎ ሊበላ ሲቀመጥ፣ ቀስ ብዬ ቀርቤ ክሩን በጣቴ ነካሁት። የሰጠው ድምፅ ከትንኝ ድምፅ አይበልጥም ነበር፤ አባቴ ግን ሰማ። በዚያን ዘመን በእኛ መንደር አዝማሪ ጠርቶ የማይደሰት ሰው አልነበረም፤ ልጁ አዝማሪ እንዲሆንለት የሚመኝም ሰው አልነበረም። የሰውየውን ጥበብ እየወደዱ ሰውየውን መናቅ እንዴት በአንድ ልብ ውስጥ ሊኖር እንደቻለ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እስከ ዛሬም አልተዋጠልኝም። ለማንኛውም፣ በዚያ ቀን ያረፈብኝን አርጩሜ እዚህ አልዘረዝረውም። ከዚያ በኋላ ማሲንቆ ለእኔ ኀምሳ ዓመት ያህል ከሩቅ የሚሰማ ነገር ሆኖ ቀረ።

መምህርቴ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀች ናት። የምታስተምረኝ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ጉለሌ በሚገኘው ቤቷ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምን ብዬ እንደምጠራት ቸግሮኝ ነበር። «አንቺ» እንዳልላት መምህሬ ናት፤ «እርስዎ» እንዳልላት ልጄን ታህላለች። እርስዋ ሳትቸገር «ጋሼ» አለችኝ። እኔም «መምህርት» ማለትን መረጥሁ፤ አንቱታውንና አንችታውን ግን አፌ እንዳመጣው ተውሁት።

ማሲንቆን ከቅርብ አይታችሁት ከሆነ ቀላል መሣሪያ መስሎ ታይቷችሁ ይሆናል። አንዱ ማዕዘኑ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሆኖ የቆመ፣ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሳጥን አለው። ከሳጥኑ ረዘም ያለ አንገት ይወጣል። ከአንገቱ ጫፍ መቃኛው ይገኛል። ከመቃኛው ተነሥቶ እስከ ሳጥኑ ግርጌ የሚወጠረው ክር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከብዙ የፈረስ ጭራ የተጠናቀረ ነው። በቀኝ እጅ የሚያዘው ደጋን እንደ ቀስት የጎበጠ እንጨት ሲሆን፣ የተወጠረበትም ያው የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ እንዲያው ቢንሸራተት የረባ ድምፅ አይሰጥምና ደጋኑ ሙጫ ይቀባል። ሙጫ የነካው ደጋን ክሩን ለቅጽበት ይይዘዋል፤ ይለቅቀዋል፤ እንደገናም ይይዘዋል። ማሲንቆ ሲያለቅስ የምንሰማው ከዚህ እጅግ ፈጣን ከሆነ መያዝና መልቀቅ የሚወለደውን ድምፅ ነው። ቫዮሊንና ቪዮላ የሚባሉት የአውሮፓ መሣሪያዎችም ድምፅ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም በቫዮሊን ጣት ክሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር ያጣብቀዋል፤ በማሲንቆ ግን ጣት ክሩን የሚነካው በአየር ላይ እንደተወጠረ ነው። ከሥሩ የሚደግፈው እንጨት የለም፤ ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ የሚያመለክት ጭረትም ሆነ ነጥብ የለም። አንዲት የስንዴ ቅንጣት ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስታችሁ እንደሆነ፣ ስሕተቱን ጎረቤታችሁ ሳይቀር ይሰማዋል።

የእኔ ጎረቤቶች ትዕግሥተኞች ናቸው። ባለቤቴ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ልምምድ በጀመርሁ ቁጥር ከማድ ቤት ሆና «የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባው እንጂ!» ትለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ከትዝታ ቅኝት ሳልወጣ ፈጸምሁት። የአገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፆች አሏቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየውም በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። እኔ በተማርሁት አያያዝ፣ አንዱን ድምፅ ምንም ጣት ያልነካው ባዶ ክር ይሰጣል፤ አራቱን ደግሞ አራቱ የግራ እጅ ጣቶች ያወጣሉ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ጣቶቼ የትዝታን ስፍራ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የሚያገኙት ሆኑ። አንድ ቀን ምሽት ባለቤቴ ስለ በሩ ማጠፊያ ምንም ሳትናገር ቡናዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ዕለት ማሲንቆ የተማርሁ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መምህርቴ «እንግዲህ አንቺሆዬን እንጀምር» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ የሆነውን በዝርዝር ላስረዳችሁ እወዳለሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። አንድ የክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ክሮቹን ይቃኛል። አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ጣቶቹ በየለመዱት ክር ላይ ቢያርፉ አዲሱን ቅኝት ያገኙታል። በማሲንቆ ግን ክሩ አንድ ነው። ክሩ በነበረበት ይቆያል፤ መቃኘት ያለበት እጅ ነው።

በትዝታ ከባዶው ክር እስከ አመልካች ጣት ያለው ርቀት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ከአመልካች እስከ መሐል ጣትም አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ከመሐል ጣት እስከ ቀለበት ጣት አንድ ተኩል ይሆናል፤ ከቀለበት ጣት እስከ ትንሿ ጣት ደግሞ አንድ። አንቺሆዬ ሲመጣ አመልካች ጣት በግማሽ ድምፅ ወደ መቃኛው ከፍ ይላል። መሐል ጣት በግማሽ ድምፅ ወደ ሳጥኑ ይወርዳል። የቀለበት ጣት ደግሞ በግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይመለሳል። ትንሿ ጣት ብቻ ከነበረችበት አትነቃነቅም። በዚህም ምክንያት በአመልካችና በመሐል ጣት መካከል ያለው ክፍተት እጥፍ ይሆናል፤ ከሁሉም ሰፊ የነበረው የመሐልና የቀለበት ጣት ክፍተት ደግሞ ከሁሉም ጠባብ ይሆናል። በትዝታ ተራርቀው ይኖሩ የነበሩት ሁለት ጣቶች በአንቺሆዬ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው መቆም አለባቸው። አዝማሪዎች ይህን በግማሽና በሙሉ አይለኩትም፤ በጆሯቸው ያገኙታል። እኔ ግን የዲፕሎማ ሰው ስለሆንሁ ሁሉንም በወረቀት ላይ ሣልሁ፤ ለካሁ፤ ገባኝ። ጣቶቼ ግን ወረቀቱን አላነበቡትም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የቀለበት ጣቴ ነበር። ዓመት ሙሉ ወደ ለመደው ስፍራ ስወረውረው ከርሜ፣ አሁን ከዚያ ከፍ ብሎ ከመሐል ጣት ጎን እንዲያርፍ ሳዝዘው እንቢ አለኝ። ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ትዝታ ስፍራው ይሸሻል። በአንቺሆዬ መሐል ድንገት ትዝታ ትገባብኛለች። ይህ አማርኛ ሲሆን ያምራል፤ ዜማ ሲሆን ግን አያምርም። ከፋ የሚያሰኘው ደግሞ ስሕተቱን ከማንም ቀድሞ የሚሰማው የራሴ ጆሮ መሆኑ ነበር። ሕፃን ሲማር ጆሮውና እጁ አብረው ያድጋሉ። በእኔ ዕድሜ የሚማር ሰው ግን ጆሮው ኀምሳ ዓመት ሙሉ ጥሩ ጥሩውን ሲሰማ የኖረ፣ እጁ ግን ትናንት የተወለደ ነው። ስለዚህ ጆሮ ይፈርዳል፤ እጅ ያፍራል። መምህርቴ ፊቴ ሲጠቁር አይታ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔ ራሴ ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደተረትሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ለእኔ ሲተረትልኝ ግን አናደደኝ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከታገልሁ በኋላ ነገሩ የተሻለ መሰለኝ። ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቋርጥ መጫወት ቻልሁ። ቤትም እንዲሁ ተጫወትሁት፤ ባለቤቴ አልተቃወመችም። በሐሙስ ቀን በልበ ሙሉነት ተጫወትሁላት። መምህርቴ ጥሩ ነው አላለችም፤ መጥፎ ነውም አላለችም። «አንዴ ይድገሙልኝ» አለችና በስልኳ ቀረጸችው። ከዚያም መልሳ አሰማችኝ።

«ይህችን ድምፅ ለምን ይዘልሏታል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የትኛዋን?»

«የቀለበት ጣትዎን። ሲደርሱባት ደጋንዎ ይሳሳል። ክሩን ነክተው ሳይነኩት ያልፋሉ። ስሕተት የለበትም፤ ምክንያቱም ምንም ድምፅ የለበትም።»

ተማሪዎች ሆይ፣ እውነቷን ነበር። እኔ ሳላስበው፣ ጣቴ ራሱ ዘዴ ፈልጓል። ድምፂቱን በትክክል ማግኘት ሲያቅተው እርስዋን መሸሽ ተምሯል። ዜማው ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ በፍጥነት ስለማልፋት ቀዳዳ መሆኗ አይታወቅም ነበር። መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትሁና ዝም አልሁ፤ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት የተጻፉ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ድንገት ትዝ ብለውኝ ነበርና።

በ1979 ዓ.ም. በአርሲ ውስጥ፣ ጭላሎ ተራራ ከሩቅ በሚታይባት አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አማርኛ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል የአፍ መፍቻ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ የሆነ፣ ከገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ነበረ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት «በአካባቢዬ ያየሁት ሥራ» በሚል ርእስ ድርሰት አጻፍሁ። ያ ልጅ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈ። አያቱ ቀፎ ሲሠሩ፣ ቀፎውን በጭስ ሲያጥኑት፣ ዛፍ ላይ ወጥተው ሲሰቅሉት፣ ንቦቹም እስኪገቡ ድረስ ከሥሩ ሆኖ ሲጠብቅ ያየውን ሁሉ ዘርዝሮ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በዚያ ክፍል ከተጻፉት ሁሉ የበለጠው ድርሰት የእርሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን እኔ ያየሁት ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያየውን ብቻ ነው። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «አያቴን ቀፎው ዛፍ ላይ ሰቀለ።»

በዚህ መጽሐፍ ስለ ባለቤትና ስለ ተሳቢ ተምራችኋልና ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ታያላችሁ። «ን» ያረፈችው መሆን ከሚገባት ከቀፎው ላይ ሳይሆን ከአያቱ ላይ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እንደተጻፈ ሲነበብ ሰቃዩ ቀፎው፣ ተሰቃዩ አያትየው ሆኑ። ድርሰቱን ከፍ ባለ ድምፅ ለክፍሉ አነበብሁት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ አልሳቀም። «አያቴ ቀፎውን ዛፍ ላይ ሰቀለ» ብሎ መቶ ጊዜ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዝሁት።

በማግስቱ መቶውንም ጽፎ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ያህል መስመሮች ትክክል ነበሩ። ከዚያ በኋላ «ን» አልፎ አልፎ መጥፋት ጀመረች። በመጨረሻው ገጽ ላይ ተመልሳ ከአያቱ ጋር ተጣብቃ አገኘኋት። «መቶ ጊዜ ጽፈህ ያልገባህ መቼ ሊገባህ ነው?» አልሁት፤ በክፍሉ ሁሉ ፊት። ደብተሩን ተቀብሎኝ ወደ ቦታው ሄደ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት «ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍሁ» በሚል ርእስ ሌላ ድርሰት አጻፍሁ። የልጁ ድርሰት ሙሉውን ይህ ነበር፦ «ወደ አያቴ ቤት ሄድኩ። እዚያ ሰነበትኩ። ዝናብ ዘነበ። ከብቶቹ ወጡ። ከብቶቹ ገቡ። እኔም ተመለስኩ።» ከዐሥር ስድስት ሰጠሁት። ከግርጌው «ስሕተት የለበትም፤ ሐሳቡ ግን ደረቅ ነው» ብዬ ጻፍሁ። በራሴ የመምህር ማስታወሻ ላይ ደግሞ «የተሳቢ አጠቃቀም ተሻሽሏል» ብዬ መዘገብሁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወርሁ።

እስቲ እነዚያን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች እናንተም ተመልሳችሁ እዩአቸው። ሄደ፣ ሰነበተ፣ ዘነበ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ተመለሰ። አንድም ተሻጋሪ ግሥ የለባቸውም። ልጁ «ን» የምትመጣበትን መንገድ ሁሉ ዘግቶ፣ ተሳቢ በማይፈልጉ ግሦች ብቻ ጻፈ። ይህን ለማድረግ ደግሞ የትኛው ግሥ ተሳቢ እንደሚሻ፣ የትኛው እንደማይሻ ጥርት አድርጎ ማወቅ ነበረበት። ሰዋስው አልገባውም ያልሁት ልጅ፣ ሰዋስውን ከእኔ ለመሸሸግ ተጠቀመበት። አያቱን፣ ቀፎውን፣ ጭሱን፣ ንቦቹን ለአንዲት ፊደል ሲል ጣላቸው። እኔም መሻሻል ብዬ መዘገብሁለት።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ ለምን እንደተሳሳተ ያወቅሁት ማሲንቆ ከመማሬ ብዙ ዓመት ቀደም ብዬ ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አፋን ኦሮሞ በአንደኛ ደረጃ የትምህርት ቋንቋ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የሚሠራ አንድ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ወረቀት ስቦ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈልኝ። እርሱ የጻፈው በቁቤ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ጫላን ኪታበ ቢቴ» ይላል፤ «ጫላ መጽሐፍ ገዛ» ማለት ነው። ሰውየው ስሙ ጫላ ነው። «ን» የመጣችበት ባለቤት ስለሆነ ነው። መጽሐፉ ግን ተሳቢ በመሆኑ ምንም ሳይጨመርበት እንዲያው ቆሟል። በእኛ ቋንቋ ምልክት የሚይዘው ተሳቢው ነው፤ በእነርሱ ደግሞ ባለቤቱ። ልጁ «አያቴን ቀፎው ሰቀለ» ሲል በእናቱ ቋንቋ ጆሮ ፍጹም ትክክል ተናግሯል። ጣቱን ያሳረፈው በሌላ ቅኝት ትክክለኛ በሆነው ስፍራ ነበር።

ይህ በተነገረኝ ጊዜ ገርሞኛል፤ በማስታወሻዬም ጽፌዋለሁ፤ በመምህራን ሥልጠና ላይም እንደ ምሳሌ ጠቅሼዋለሁ። ነገር ግን ልክ የአንቺሆዬን ርቀቶች በወረቀት ላይ እንደሣልሁት ነበር። ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ግን በዚያን ጊዜ አንድም ቀን ትዝ አላሉኝም። ልጁ ለምን እንደተሳሳተ አወቅሁ እንጂ፣ ከተሳቀበት በኋላ ምን እንዳደረገ አላየሁም። ያንን ያየሁት የራሴ የቀለበት ጣት እንደዚያ ልጅ ሲሸሸግ በስልክ ድምፅ ስሰማ ነው።

መምህርቴ ዝምታዬን ከድካም ቆጥራው ውኃ አመጣችልኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ካዳመጠችኝ በኋላ ስለ ልጁ ምንም አላለችም፤ እኔም እንዲህ ማድረጓን ወደድሁላት። ማሲንቆውን መልሳ ሰጠችኝና «አሁን ያችን ድምፅ ብቻ ይጫወቱልኝ። ትሳሳት፤ ግን ጮክ ብላ ትሳሳት። ካልሰማኋት ላርማት አልችልም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜማውን አቆምን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራዬ ሁለት ድምፆች ብቻ ሆኑ፤ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፤ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት። ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሙሉ ኀይል እየሳብሁ፣ እያንዳንዷን ድምፅ እስክትጠግብ አስጮኻታለሁ። ክሩን ከመንካቴ በፊት ድምፂቱን በአፌ እንዳዜማት ታዝዘኛለች፤ ጉሮሮ ያላገኘውን ጣት አያገኘውም ትላለች። አሥር ጊዜ ደጋግሜ አሥሩንም ከሳትሁ ታስቆመኛለች፤ አሥራ አንደኛውን አታስሞክረኝም። «ስሕተቱን እያጠኑት ነው» ትለኛለች። ያኔ ማሲንቆውን አስቀምጠን ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብዬ እሞክራለሁ። መቶ ጊዜ ያስጻፍሁት ልጅ በእያንዳንዱ ሻይ ላይ አብሮን የተቀመጠ ይመስለኛል። ከሃያኛው መስመር ላይ ባስቆመው ኖሮ እያልሁ አስባለሁ። ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ግርጌም «አያትህስ? ቀፎውስ?» ብዬ ብጽፍ ኖሮ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር።

ትዝታ እንዳይጠፋብኝም ፈርቼ ነበር። ጣቴ አዲሱን ስፍራ ሲለምድ የድሮውን ቢረሳስ? መምህርቴ ሳቀችብኝ። አሁን ልምምዴን የምጀምረው አንድ ጊዜ በትዝታ፣ አንድ ጊዜ በአንቺሆዬ እየተቀያየርሁ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ይደበላለቁብኝ ነበር፤ ለጥቂት ሳምንታትም ትዝታዬ ከበፊቱ የባሰ ሆነ። አሁን ግን እጄ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ከቤት ወጥቶ ደጃፍ ላይ ዓይኑ ብርሃኑን እስኪለምድ እንደሚቆም ሰው፣ ትንሽ ቆም ይልና መንገዱን ያገኛል።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ አንቺሆዬን ከዳር እስከ ዳር እጫወታለሁ። የቀለበት ጣቴ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ስፍራውን ያገኛል። አራተኛውን ይስታል፤ ሲስትም ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። ትናንት ማታ እንዲሁ ስቶ ክሩ ሲጮኽ፣ ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «አሁን የሳትኻት ያቺ የድሮዋ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። እርስዋ ናት አልኋት። «እንግዲያውስ ድገማት» አለችኝና ወደ ወጧ ተመለሰች።

ነገ ሐሙስ ነው።